ሁሉም ስለ ጡቷ ጠየቀ፣ ስለ ሆዷ የጠየቀ አልነበረም

ለምን ጻፍኩት

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ በእንቅስቃሴ የማክም ባለሙያ፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የምሠራው። አብዛኛውን ጊዜ ከአቃቂ ወዲያ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮየ ፈጬ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች። የማገኛቸው ሰዎች ስትሮክ የመታቸው አባቶች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች፣ ከሞተር የወደቁ ልጆች ናቸው። ከሆዷ ተወስዶ ጡት የተሠራላት ሴት ግን እስከ ዓምና ድረስ አጋጥማኝ አታውቅም። ስለዚህ ጉዳዩን እንደነበረ፣ የተሳሳትኩትንም ሳልደብቅ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ስም የለም፤ ማንነቷን የሚያሳብቅ ነገርም ትቻለሁ። እሷም ጠይቄያት "ጻፊው፣ የጄሪካኑን ነገር ግን እንዳትረሺ" ብላኛለች።

የኋላ ታሪክ

47 ዓመቷ ነው፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስላት "ገና አላረጀሁም፣ አንቺ በይኝ" ስላለችኝ እዚህም በዚያው እቀጥላለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘ። ጡቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ፣ ከብብቷም ዕጢዎች ተወሰዱ፣ ኬሞዋን ጨረሰች፣ ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን መውሰድ ቀጠለች። ከዚያ ውጭ አገር ያለ ወንድሟ ወጪውን ቻለላትና ጥር ላይ ሕንድ ሄዳ ጡቷ እንደገና ተሠራላት። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች።

ከሆስፒታሉ ይዛ የመጣችው ወረቀት ላይ "ትራም ፍላፕ" ይላል። ቤት ውስጥ ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም፤ "ከሆዷ ተወስዶ" ብቻ ነው የሚሉት። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ሃርትራምፍና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተሙት። ከእንብርት በታች ያለው ቆዳና ስብ ከሥሩ ካለው ቀጥ ያለ የሆድ ጡንቻ ጋር አብሮ ይነሣና፣ ጡንቻው ከላይ በጎድን አጥንት በኩል እንደተያያዘ፣ በቆዳ ሥር ወደ ደረት ይሳባል። አዲሱ ጡት ደም የሚያገኘው በዚያው ጡንቻ ውስጥ በሚያልፍ የደም ሥር ነው። በኋላ የመጣ "ዳይፕ" የሚባል ሌላ ዘዴም አለ። በእሱ ጡንቻው እዚያው ይተውና ቆዳው፣ ስቡና የደም ሥሩ ብቻ ይወሰዳል፤ ደም ሥሩ ደረት ላይ በማይክሮስኮፕ እየታየ ይሰፋል። ከውጭ ሲታዩ ጠባሳቸው አንድ ነው፣ ከዳሌ እስከ ዳሌ። ከውስጥ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ምክንያቱም ከፊት ሆዳችን ላይ ከጎድን አጥንት እስከ ብልት አጥንት የሚወርዱ ሁለት ገመድ የመሰሉ ጡንቻዎች አሉ። ከአልጋ ቀጥ ብለን ስንነሣ የሚጎትቱን እነሱ ናቸው። እሷ ጋ ከሁለቱ አንዱ ወደ ደረት ሄዷል፤ በቦታው ሰው ሠራሽ መረብ ተሰፍቷል።

ችግሩ

እኔ የተጠራሁት በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ "ወገቧን አሟታል" ተብዬ። ስገባ ቤቱ አራስ ቤት መስሏል። መጋረጃ ተዘግቷል፣ አጥሚት ተፈልቷል፣ እናቷ ከገጠር መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል፣ እሷ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተኝታለች። ጠያቂ ይመጣል፤ ሁሉም "ጡቱ እንዴት ነው? ጥሩ ሆነ?" ይላል። ስለ ሆዷ የጠየቀ የለም።

ተነሥታ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። ባሏ ሁለት እጇን ይዞ ከጀርባዋ ቀጥ አድርጎ ሳባት። እሷ ትንፋሿን ይዛ፣ ፊቷን አጨማዳ ተነሣች። እኔ ልቤ ወደቀ። ከዚያ እንደ ጎበጠች ወደ መስኮቱ ሄደች። ሆዱ ተጎትቶ ስለሚሰፋ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ጎንበስ ብሎ መሄድ ያለ ነው። ግን ቀና የምትይው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለውን ማንም አልነገራትም። "የተሰፋው ይተረተርብኛል" ብላ ፈርታ አምስት ሳምንት ጎብጣ ቀረች። ወገቡማ ለምን አያማትም?

ሌላው መቀነቱ ነው። ሆስፒታል የሰጣት ላስቲክ የሆድ ቀበቶ አለ፤ እናቷ እሱ አልበቃቸው ብሎ ከላዩ መቀነት ጠምጥመው ከጡቷ ሥር ጥብቅ አድርገው አስረውታል፤ አራስ ሲታሰር እንዳዩት። ሌሊትም አይፈታም። በዚህ ላይ የሆድ ድርቀት አለባት፤ ሽንት ቤት ገብታ ታምጣለች።

ቀበቶውን ስፈታ ደግሞ ከእንብርቷ በታች የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ውሃ የቋጠረ ቁስል አየሁ። "ይሄ ምንድን ነው?" ስል እሷም አላየችውም ነበር። ለካ እናቷ በሃይላንድ ትኩስ ውሃ ሞልተው ሆዷን "ያሟሙቁላት" ነበር። በዚህ ቀዶ ጥገና የቆዳው ነርቭ ስለሚቆረጥ ከእንብርት በታች ያለው ቆዳ ይደነዝዛል፤ አዲሱ ጡትም እንደዚያው። ሲያቃጥል አይሰማም። በፍቅር የተደረገ ነገር ነው፤ ቆዳዋን ግን ላጠው።

ባቷን ጨምቄ አየሁ፣ የሁለቱን እግር ውፍረት አወዳደርኩ። ከትልቅ ቀዶ ጥገና በኋላ ተኝቶ መሰንበት፣ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ፣ በዚያ ላይ ታሞክሲፌን፦ ሦስቱም ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራሉ። ደግነቱ ምንም አልነበረም።

ያደረግነው

እንቅስቃሴ ከመጀመሬ በፊት ለቀዶ ሐኪሟ በዋትስአፕ ሦስት ጥያቄ ላክን። ስንት ጡንቻ ተወሰደ? መረብ ገብቷል? ከባድ ነገርና የሆድ ስፖርት እስከ መቼ ነው የሚከለከለው? በማግስቱ መልስ መጣ፦ አንድ፤ አዎ፤ እስከ 12ኛው ሳምንት ከ3 ኪሎ በላይ እንዳታነሳ፣ ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀጥ ብሎ መነሣት) ጭራሽ። ይህ እሱ ለእሷ ያለው ነው። ሌላ ሐኪም 6 ሳምንት ወይም 8 ሳምንት ሊል ይችላል፤ እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነትና እንደ ቁስሉ አያያዝ ይለያያል።

የመጀመሪያው ሥራ ከእናቷ ጋር ነበር። "እማማ፣ ይሄ የአራስ ሆድ አይደለም። ደሙ ወደ ጡቱ የሚሄደው በዚህ በላይኛው ሆድ በኩል ነው። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገው ሲያስሩት የውሃ ጎማ እንደ መርገጥ ነው" አልኳቸው። "ውይ በሞትኩት! ታዲያ ማን ነገረኝ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀነት ቀረ፣ ቀበቶው ቀን ላላ ብሎ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል። ሃይላንዱም ቀረ። ቁስሉ ጤና ጣቢያ እየታጠበ በሁለት ሳምንት ዳነ።

ቀጥሎ አልጋው። ከአልጋ አነሣሷን ለማስተካከል ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀማት ግን እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጉልበት ታጥፎ፣ ትከሻና ዳሌ አብረው ወደ ግራ ጎን ይገለበጣሉ፣ እግሮቹ ከአልጋው ይወርዳሉ፣ ከዚያ በእጅ ፍራሹን እየገፉ መነሣት፤ ሲነሡ ትንፋሽ ማውጣት። ሲተኙም በዚያው መንገድ መመለስ። ባሏን "ከዛሬ ጀምሮ እጇን አትስባት" አልኩት። ቅር አለው፤ ማገዝ ነበር የመሰለው። ስታስል፣ ስታስነጥስ ወይም ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲያንገጫግጫት ሆዷ ላይ ትራስ ታቅፋለች።

ትንፋሹ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ በአፍንጫ መሳብ፤ ከዚያ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በአፍ ቀስ እያሉ ማውጣት። ሲወጣ፣ ጠባብ ጉርድ ለብሰሽ ዚፑን ስትዘጊ እንደምታደርጊው፣ ከእንብርት በታች ያለውን ሆድ በትንሹ መሳብ። በትንሹ! እሷ መጀመሪያ ሙሉ ሆዷን አጥብቃ ትንፋሿን ትይዝ ነበር። ይህ ከታች በጎንና በጎን እንደ ቀበቶ የሚዞረውን ጥልቅ ጡንቻ ነው የሚያሠራው፤ ከፊት አንዱ ገመድ ስለሄደ ሥራውን የሚረከበው እሱና የጎን ጡንቻዎች ናቸው።

ለመቅናት ትራሶቹን በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ቀነስናቸው። ቀን ቀን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትቆማለች። የመጀመሪያው ቀን ጭንቅላቷ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቅ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ነካ። ወገቧን ማመሙ የቀነሰውም ያኔ ነው፤ ወገቧን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሸሁትም።

ክንዷን በተመለከተ ጣቶቿን ግድግዳ ላይ እያራመደች ከፍ ማድረግ፣ ፀጉሯን ራሷ ማበጠር። ይሄ ቶሎ ተሻሻለ። ደረጃውን ራሷ ቆጥራዋለች፣ 54 ነው። በስድስተኛው ሳምንት በቀን አንዴ፣ በስምንተኛው ሁለቴ እየያዘች ወርዳ ትወጣ ነበር።

ጾሙም ነበር። ዐቢይ ጾም የገባው ቁስሏ ገና ሲድን ነው፤ ቁስል ደግሞ ፕሮቲን ይፈልጋል። እኔ "ብዪ" ብላት እንደማትሰማኝ ስለማውቅ ለንስሐ አባቷ ደውዪ አልኳት። "ታማሚ ነሽ፣ እንቁላሉንም ወተቱንም ውሰጂ" አሏት። እሷ እንቁላሉን ተቀበለች፣ ወተቱን "እሱ ይቅርብኝ" አለች፤ ከምስርና ከሽምብራ ጋር በቃት። ውሃና ጎመን ጨምራ ድርቀቱም ተፈታ።

የጄሪካኑ ሌሊት

በስምንተኛው ሳምንት ሐኪሟ ስለፈቀደ ተኝቶ ወገብን ፍራሹ ላይ መጫንና ተረከዝን እያንሸራተቱ አንድ እግር መዘርጋት ጀመርን። ጥሩ እየሄደ ነበር። እኔም ትንሽ ኮራሁ መሰለኝ።

በዘጠነኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ደወለች። "ሆዴ ላይ የሆነ ነገር ወጥቷል።" ሄድኩ። ስትቆም ከእንብርቷ በታች በቀኝ በኩል የግማሽ ብርቱካን ያህል ያብጣል፤ ስትተኛ ይጠፋል። ሕመም የለም፣ ትውከት የለም፣ ቆዳው አልቀላም።

"ምን አነሣሽ?" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ እናቷ ከጓዳ ሆነው "ውሃ!" አሉ።

እነሱ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። የዚያን ሌሊት ባሏ መንገድ ላይ ነበር፣ ልጆቹ ፈተና ነበራቸው። "አልቀሰቅሳቸውም ብዬ" አለች። ሙሉ ጄሪካን ከሻወር ቤት አንሥታ ወጥ ቤት ያለው በርሜል ላይ ገለበጠች፤ አራት ጊዜ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው።

ስለ ደረጃው ጠይቄያለሁ፣ ስለ አልጋው ጠይቄያለሁ፣ እንጀራ እንዳትጋግር ነግሬያለሁ። ውሃውን ግን አልጠየቅኩም። እኔ ራሴ ሌሊት ተነሥቼ በፈረቃ ውሃ የምቀዳ ሰው ነኝ እኮ! "ከ3 ኪሎ በላይ አታንሺ" ብዬ ነበር፤ 3 ኪሎ እሷ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሳየኋትም። ጄሪካኑ ለእሷ ሸክም አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው።

ለሐኪሟ ፎቶ ላክን፣ አልትራሳውንድም ተነሣች። ቀዳዳ የለም፣ አንጀት የወጣበት ነገር የለም፤ የሆዱ ግድግዳ ራሱ ላልቶ ነው ወደፊት የሚገፋው። ፈረንጆቹ ይህንን ከሄርኒያ ይለዩታል፤ በሄርኒያ ግድግዳው ተከፍቶ ሆድ ዕቃ ይወጣል። ጄሪካኑ ብቻውን አመጣው ብዬ ግን አልምልም። ጡንቻ የተወሰደበት ሆድ በራሱ ጊዜም እንዲህ ሊላላ ይችላል፣ ምናልባት ጀምሮ ነበር። ብቻ አላገዘውም።

እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ከባድ ሕመም ወይም ትውከት ከመጣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድትሄድ ተስማማን። ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰን ትንፋሽና እርምጃ ብቻ ሠራን። ለውሃው አንድ ጎማ ተገዛ፤ ከሻወሩ ቧንቧ እስከ በርሜሉ። ይኸው ነው መፍትሔው። የሚተርፈውን ልጆቹ በየተራቸው በ5 ሊትር ጄሪካን ይይዛሉ።

የሠራው፣ ያልሠራው

ያልሠራው ቀድሞ ይነገር። ሥዕል ያለበት የእንቅስቃሴ ወረቀት አትሜ ሰጥቻት ነበር፤ ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ፣ ማንም አላየውም። "በቀን 3 ጊዜ 10 10" የሚለውም አልሠራም፤ ትረሳዋለች፣ ከዚያ ማታ 30ውን በአንዴ ሠርታ ይደክማታል።

የሠራው ቡና ነው። እነሱ ቤት ቡና ሳይፈላ አይዋልም። እናቷ ያፈላሉ፣ እሷ በርጩማውን ትታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አቦል እስኪፈላ ትንፋሽ፣ ቶና እስኪፈላ አልጋ ላይ ሄዳ ወገብ መጫንና ተረከዝ ማንሸራተት፣ በረካ ላይ ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላስታወስኳትም። እናቷ ራሳቸው "ቶና ነው፣ ሂጂ" ይሏታል።

ሌላው የሠራው መስተዋት ነው። ጉልበቷን አጥፋ ስትሠራ ሆዷን በመስተዋት ታያለች፤ መሃሉ ወይም ጎኑ እንደ ጉብታ ወደ ላይ ከሾለ ያ እንቅስቃሴ ገና ነው ማለት ነው፣ ይቆማል። ከቁጥር ይልቅ ይህ ገባት። ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ዳሌ ከፍራሹ ማንሣት፣ ከወንበር ሳይደገፉ መነሣት፣ በእጅና በጉልበት ቆሞ አንድ እጅ መዘርጋት ጨመርን። ክብደት የጀመርነው በግማሽ ሊትር ውሃ ነው። ጠባሳውን ደግሞ ከዳነ በኋላ በቫዝሊን፣ በጣት ጫፍ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ማሸት፤ ይሄ የመሳብ ስሜቱን ቀነሰላት።

ስቅለት ላይ ስግደቱ አሳስቦኝ ነበር። ግንባር ምድር እያስነኩ መውደቅና መነሣት ለዚህ ሆድ ገና ነው። እኔ ሳልናገር ቀድማኝ "ቆሜ እጅ እነሣለሁ፣ ጠይቄያለሁ" አለችኝ።

ለሌላ ሰው የሚሆን

ለባለሙያ፦ ወረቀቱን አንብቡ። ትራም ይሁን ዳይፕ፣ በአንድ ጎን ይሁን በሁለት፣ መረብ ይኑር አይኑር ሳታውቁ አንድም የሆድ እንቅስቃሴ አትስጡ። ካልተጻፈ ሐኪሙን ጠይቁ፤ አሁን በስልክ የማይገኝ የለም። ከዚያ ቤቱን ዞራችሁ እዩ። ውሃ ከየት ይመጣል? ማን ያነሣል? ምጣዱ መሬት ላይ ነው ጠረጴዛ ላይ? ሕፃን አለ? "ከባድ አታንሺ" አትበሉ። ዕቃውን በእጃችሁ አንሥታችሁ "ይሄ ይቻላል፣ ይሄ አይቻልም" በሉ።

ለቤተሰብ፦ ማስተኛት ሁልጊዜ መንከባከብ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ትሂድ። የደነዘዘ ቆዳ ላይ ትኩስ ነገር አይደረግም፤ ሃይላንድም፣ የተተኮሰ ጨርቅም። የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል።

ቀዶ ጥገናውን ገና ለምታስብ ሴት ደግሞ፦ ሐኪሙን ስለ ጡቱ ቅርፅ ስትጠይቂ "ከሆዴ ምን ትወስዳለህ? ከዚያ በኋላ ምን ማንሣት እችላለሁ?" ብለሽም ጠይቂው። እሷ ይህን አልጠየቀችም ነበር። ብትጠይቅ ትተወው ነበር ወይ አልኳት። "አልተወውም" አለች። "ግን ጎማውን ቀድሜ እገዛ ነበር።"

አሁን

ስምንት ወር ሆኗታል። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ 54ቱን ደረጃ አስቤዛ ይዛ ትወጣለች፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጠረጴዛ ላይ ትጋግራለች። እብጠቱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፤ ማታ ሲደክማት ትንሽ ይታያል። በጀርባዋ ተኝታ ቀጥ ብላ መነሣት አሁንም አትችልም፤ ላትችልም ትችላለች፣ ነግሬያታለሁ። ከእንብርቷ በታች ያለው ቆዳ ዙሪያውን መሰማት ጀምሯል፣ መሃሉ ገና ነው።

ባለፈው ስሄድ ያ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አንገቱ ተቆርጦ በረንዳ ላይ ጤና አዳም ተተክሎበት አየሁ። ልታሳየኝ ብላ ልታንቀሳቅሰው ጎንበስ ስትል እናቷ ከውስጥ ጮሁባት።